መርዙ በአይጧ አያበቃም

ክረምት ሲገባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ መንደሮች፣ በጎፋም ሆነ በመካኒሳ፣ የአይጥ ነገር ያስመርራል። ከሥራ ደክመው ሲገቡ የጤፉን ማዳበሪያ ተቦድሶ ያገኙ እናት ወደ ሱቅ ሄደው መርዝ ቢገዙ ማን ይፈርድባቸዋል? ይሁንና መርዙን ከማስቀመጥዎ በፊት አይጧን ማን እንደሚበላት ያስቡ።

አይጧ እኛ ከምንጥለው ፍርፋሪ ትኖራለች። እርሷን ድመት፣ ጭልፊትና ጉጉት ያድኗታል። (ጉጉት ስትጮህ ሟርተኛ ብለን ድንጋይ የምንወረውርባት ሌሊቱን ሙሉ አይጥ ስታድንልን ነው። እኔም በልጅነቴ ወርውሬያለሁ።) ከአይጥ መርዞች ብዙዎቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። የበላችው አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ለጥቂት ቀናት እየተንገዳገደች ትቆያለች። ድመት ያለ ድካም የምትይዛት ያን ጊዜ ነው፤ መርዙም አብሮ ወደ ድመቷ ሆድ ይገባል።

የአንዲት ጎረቤቴ ድመት እህል አልቀምስ ብላ ከርማ ከምድጃው ሥር ሞታ ተገኘች። አይጥ ባረገዘች በሦስት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፤ የተወለዱትም ሳይቆዩ ይወልዳሉ። ወራት ሳይቆጠሩ አይጦቹ ተመለሱ፤ የሚያድናቸው ግን አልነበረም።

ነገሩ በአገር ደረጃ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ህንድ አይታዋለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ወዲህ የህንድ ጥንብ አንሳዎች እጅግ ብዙዎቹ አለቁ። ምክንያቱ ለከብቶች ሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት መሆኑ በ2004 ታወቀ። መድኃኒቱ የቀረበትን በድን የበላ አሞራ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞት ነበር። ጥንቡን የሚያነሣ ሲጠፋ የባዘኑ ውሾች በረከቱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም አብሮ ጨመረ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ የታገደው በ2006 ነው። በቄራ ሰማይ የሚያንዣብቡትን አሞሮች ስናይ ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

እንግዲህ ጤፉን ክዳን ባለው በርሜል ያኑሩ። ከበር ሥር ያለውን ክፍተት በቆርቆሮ ይድፈኑ። ጥራጊና ትርፍራፊ ውጭ አያሳድሩ። በዚህ ላይ ወጥመድ ቢጨመር መርዝ የሚያስፈልግበት ጊዜ ጥቂት ነው። የግድ ከሆነ ልጅና ድመት ከማይደርሱበት ያስቀምጡ፤ የሞተችውንም አይጥ በባዶ እጅ ሳይነኩ በጥልቀት ይቅበሩ እንጂ ወደ ሜዳ አይወርውሯት። ሕፃን መርዙን ቀምሶ እንደሆነ ከጠረጠሩ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፤ ደም መፍሰሱ ከቀናት በኋላ ሊጀምር ይችላልና የመርዙን ማሸጊያ ይዘው በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።