ከስህተቱ ጋር የሚጠፋው ማስረጃ

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የደመወዝ ክፍያ ሲሠራ የነበረ ፕሮሲጀር፣ ማለትም ዳታቤዝ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም፣ ተቋረጠ እንበል። ጠዋት የገባው ባለሙያ የሚያገኘው «ክፍያው አልተሳካም» የሚል መልእክት ብቻ ነው። የማን ክፍያ? የትኛው መስመር ላይ? ዳታቤዙ ስህተቱ በተፈጠረባት ቅጽበት ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ጠይቆ የመዘገበለት ግን አልነበረም።

የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2005 ከተባለው እትሙ ጀምሮ «ትራይ» እና «ካች» አለው። ሥራው ትራይ ውስጥ ይገባል፤ ስህተት ሲፈጠር አፈጻጸሙ ወደ ካች ይዘላል። እዚያ የስህተቱን ቁጥር፣ ክብደቱን፣ የፕሮሲጀሩን ስም፣ የመስመሩን ቁጥርና ሙሉ መልእክቱን መጠየቅ ይቻላል። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ ይናገራል። 2627 ከሆነ መደገም የሌለበት ቁልፍ ተደግሟል። 547 ከሆነ ምናልባት የሠራተኞች ሰንጠረዥ ላይ ለሌለ ሰው ደመወዝ ሊመዘገብ ነበር። 1205 ከሆነ ሁለት ሥራዎች አንዱ የያዘውን ሌላው እየጠበቀ ተቆላልፈው፣ ሰርቨሩ አንዱን ሠውቶ ሌላውን አሳልፏል። ይህ ብዙ ጊዜ እንደገና ሲሞከር ያልፋል፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ግን ዳታው ካልተስተካከለ መቶ ጊዜ ቢሞከሩም ያው ናቸው።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ካች ውስጥ ስህተቱን በአንድ ሰንጠረዥ ይመዘግባል፤ ከዚያ የተጀመረውን ትራንዛክሽን፣ ማለትም አብረው የሚጸድቁትን ወይም አብረው የሚሰረዙትን ሥራዎች፣ ሮልባክ ያደርጋል፤ ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል። ሮልባክ ደግሞ አይመርጥም፤ ከተበላሸው ክፍያ ጋር አሁን የተጻፈውን የስህተት መዝገብም ይሰርዘዋል። ሰንጠረዡ ባዶ ሆኖ ሲገኝ «ስህተት የለም» ተብሎ ይነበባል፤ ይህ ያሳስበኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሮልባክ፣ ከዚያ ምዝገባ። ካች ውስጥ እስካለን ድረስ የስህተቱ ዝርዝር ከሮልባክ በኋላም ይገኛል። በመጨረሻ «ስሮው» በሚለው ትእዛዝ ስህተቱን ለጠራው ፕሮግራም መልሶ ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ፕሮግራሙ ክፍያው የተፈጸመ ይመስለዋል። ባዶ ካች ጽፎ ማለፍን ግን በምንም ሰበብ አልቀበልም።

ካች የማይደርስባቸውም አሉ፤ ለምሳሌ ግንኙነቱን ራሱን የሚቆርጡ ከባድ ስህተቶች። ለእነዚህ ሰርቨሩ የራሱን የስህተት ሎግ ይጽፋል። ቅንብሩ ካልተለወጠ የሚያስቀምጠው የአሁኑንና ከሱ በፊት የነበሩትን 6 ፋይሎች ነው፤ ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥርም አዲስ ፋይል ይከፈታል። ችግር ሲገጥመው ተጨንቆ ሰርቨሩን 7 ጊዜ አጥፍቶ የሚያስነሣ ሰው የፈለገውን ፋይል በገዛ እጁ ገፍቶ ያስወጣዋል። ከመጀመሪያው ማስነሣት በፊት ፋይሎቹን ወደ ሌላ ፎልደር ኮፒ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው።