ደም መመለስና ጦም ያደረ ማሳ

በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ገጠሮች ወንድሙ የተገደለበት ገበሬ ገና ከቀብር ሳይመለስ ሙሾ አውጪዋ የሟቹ ደም መላሽ አጣ ወይ እያለች ትወጋዋለች። ሰውየው እንባውን ሳይጨርስ ጠመንጃውን መወልወል ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የገበሬ ማኅበር መሪዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። ገዳዩ በረሃ ይገባል ወይም ይታሰራል። እሱ ሲታጣ ከጠቡ ያልነበረበት ወንድሙ ወይም ያጎቱ ልጅ ይታደናል። ይህም ሰው ገበያ መውጣት ይፈራል፤ ማሳው ከደመኛው መንደር አጠገብ ከሆነ ጦም ያድራል፤ በሬው ለጥይት መግዣ ይሸጣል። ክረምቱ ግን ጠቡ እስኪበርድ አይጠብቅም።

በቀድሞው ዘመን ነፍሰ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ እነሱም ወይ ይገድሉታል ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። ኋላ ግን ቅጣት የመንግሥት ሥራ ሆነ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ለሟች ዘመድ የመግደል መብት አይሰጡም። ደም መላሹም ራሱ ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ይከሰሳል።

የአገር ሽማግሌዎች ሥርዓት ግን ተበዳዩን ዝም በል አይለውም። አስቀድመው ሁለቱ ወገኖች እንዳይነካኩ ቃል ያስገባሉ። ቀጥሎም ቄሱ መስቀሉን ይዞ፣ በወሎም አበጋሮች ዱዓ እያደረጉ የተበዳዩን ደጅ ይጠናሉ። ተበዳዩ አንዴም ሁለቴም ይመልሳቸዋል፤ ይህም ይገባዋል፤ ወንድሙ በርካሽ አልሞተምና። በመጨረሻ የበዳዩ ወገን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ጥፋቱን በአደባባይ ያምናል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ ደሙ ይደርቃል። በደሉ ሰው ሁሉ እየሰማ ስለተነገረ ታራቂውን ፈሪ ብሎ የሚሰድበው አይኖርም።

አንዳንድ መሪ ለሪፖርት እንዲደርስለት ዕርቁን ያቻኩላል። እንዲህ የታረቀ ሰው ቂሙን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ በዓመቱም ጥይት ይሰማል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ታርቀናል በሚል ሰበብ ምስክሮችን ዝም ማሰኘት ነው። ዕርቅ የነፍስ ግድያን ክስ አያስቀርም፤ ገዳዩ ለፍርድ መቅረብ አለበት። የሟች ወገን ፍርድ መኖሩን ካላየ የሽማግሌውን ቃል ለምን ያከብራል?

ብዙው ጠብ የሚነሣው ከድንበር መግፋትና ከግጦሽ ነው። ስለዚህ ድንበርተኞች ባሉበት፣ ሽማግሌ ቆሞ፣ ወሰኑን ከእርሻ በፊት በእግር ዞሮ ማየት ይጠቅማል። አደጋው ከደረሰ ደግሞ ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ሁለት የሚያከብራቸው ሽማግሌዎች ከሟቹ ወንድም ጎን አይለዩ። የሟቹንም ማሳ የቀበሌው ገበሬ በደቦ አርሶ ይዝራለት። የወንድሙ ልጆች የሚበሉትን ማጣታቸው ነው አንዱ የሚያንገበግበው፤ ማሳው በጊዜው ከተዘራ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቢያንስ ተቀመጡ ይላቸዋል።