በመጠለያ ጣቢያዎች የጤና ሠራተኞችን ከተስቦና ከሚያገረሽ ትኩሳት ስለ መጠበቅ

ድርቅ በደረሰበት አካባቢ መጠለያ ጣቢያ ሲከፈት ከእህሉና ከብርድ ልብሱ ጋር አስቀድሞ የሚደርሰው የጤና ሠራተኛው ነው። ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜም ከተጠለሉት ወገኖች ጋር አብሮ የሚወድቀው እርሱ ነው። አንድ ድሬሰር ሲታመም የሚጎድለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በየዕለቱ በእጁ ያልፉ የነበሩ ሕሙማን ያለ ተመልካች ይቀራሉ፣ የቀሩት ባልደረቦቹም በድካምና በሥጋት ይሠራሉ። ስለዚህ የሠራተኛው ጤና አጠባበቅ ከሕዝቡ ሕክምና ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

በመጠለያ የሚነሡ ወረርሽኞች ብዙ ናቸው። እዚህ የሚብራሩት ግን በልብስ ቅማል የሚተላለፉት ሁለቱ፣ ማለትም ተስቦ (ታይፈስ) እና የሚያገረሽ ትኩሳት ናቸው። ሁለቱም ብርድ፣ መጨናነቅና የውሃ እጥረት ባሉበት ይስፋፋሉ። በ1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1984/85) ድርቅ ጊዜ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው በኮረም መጠለያ ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ጦርነቱ ሲያበቃም በተበተኑ ወታደሮች ጊዜያዊ መጠለያዎች የሚያገረሽ ትኩሳት ወረርሽኝ ተነሥቷል። ለሰፈራ የሚደረግ ጉዞም የራሱ አደጋ አለው። ከደጋ ተነሥቶ በአውቶቡስ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ የሚያድር መንገደኛ ቅማሉን ከጋቢ ወደ ጋቢ ያስተላልፋል፤ በሽታውም ገና ካልተዘጋጀ የቆላ ጤና ጣቢያ ይደርሳል።

የልብስ ቅማል የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። ወደ ገላ የሚወጣው ደም ሊመጥ ብቻ ነው። ሙቀት የበዛበትን የትኩሳተኛ ገላና የቀዘቀዘውን የሬሳ ገላ ይሸሻል፤ ሸሽቶ የሚሄደውም በአጠገቡ ወዳለው ሰው ነው። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ አስታማሚው፣ ተሸካሚው ወይም ልብስ አውላቂው መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ይህንኑ በግልጽ ያሳየው በቱኒስ ከተማ የተደረገ ምልከታ ነው። በዚያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ሻርል ኒኮል በሆስፒታሉ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ሕሙማኑን በር ላይ የሚቀበሉና ልብሳቸውን የሚያጥቡ ሠራተኞች በተስቦ ይያዛሉ፤ ታጥበው፣ ልብስ ቀይረው ወደ ክፍል የገቡት ሕሙማን ግን አልጋ ለአልጋ ተጠጋግተው እየተኙ በሽታውን ለማንም አያስተላልፉም። በሽታው በበሩ ላይ ከልብሱ ጋር ይቀራል ማለት ነው። ኒኮል ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1909 በዝንጀሮዎች ላይ ባደረገው ሙከራ አስተላላፊው ቅማል መሆኑን አረጋገጠ፤ በ1928ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ለመጠለያ ኃላፊዎች ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የማያሻማ ነው። እጅግ አስጊው ሥፍራ የሕክምናው ድንኳን ሳይሆን የመቀበያው በር ነው፤ እጅግ ተጋላጩም ሐኪሙ ሳይሆን መዝጋቢው፣ ዘበኛው፣ የጽዳት ሠራተኛውና ልብስ አጣቢዋ ናቸው። ጓንትና ሽርጥ ሲከፋፈል ግን እነዚሁ መጨረሻ ይታሰባሉ። ይህ አሠራር መለወጥ አለበት።

አቀባበሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ሊሆን ይገባል። መጤው በአንድ በኩል ይገባል፣ ልብሱን ያወልቃል፣ ይታጠባል፣ ንጹሕ ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ለብሶ በሌላ በኩል ይወጣል፤ ተመልሶ በገባበት አይወጣም። በቆሸሸው በኩል የሚሠሩት ሠራተኞች ሥራቸው ሳያበቃ ወደ ንጹሑ በኩል አይሻገሩም። ቱታ ይለብሳሉ፤ የእጅጌው ጫፍ በጓንት ውስጥ፣ የሱሪው ጫፍ በቦቲ ውስጥ ይገባል፣ ፀጉራቸውም ይሸፈናል። ሥራ ሲያበቃ ቱታውን እዚያው አውልቀው ይታጠባሉ። ጋቢ ደርቦ መሥራት፣ በሕሙማን ብርድ ልብስ ላይ አረፍ ማለት፣ የሥራ ልብስን ለብሶ ወደ መኖሪያ መሄድ በጥብቅ ሊከለከሉ የሚገባቸው ናቸው። ሌሊቱ ብርድ በሆነበት ደጋ ይህን ማስከበር ቀላል አለመሆኑ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ለሠራተኛው ሙቀት የሚሰጥ የራሱ ቅያሪ ልብስ መመደብ ይኖርበታል።

የተወለቀው ልብስ አይራገፍም። የተስቦው ተህዋሲ በቅማል ዓይነ ምድር ውስጥ ደርቆ ለብዙ ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሲራገፍ ከአቧራው ጋር ወደ ዓይንና ወደ መተንፈሻ ይገባል። ተህዋሲው ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ ይባላል። ስሙ የተወሰደው በሽታውን ሲመረምሩ በዚያው በሽታ ከሞቱ ሁለት ሊቃውንት ነው፤ አሜሪካዊው ሪኬትስ በ1910 በሜክሲኮ፣ ፕሮዋዜክ በ1915 በጀርመን አርፈዋል። ስለዚህ ልብሱ ቀስ ተብሎ በኬሻ ውስጥ ይከተትና በቀጥታ ወደ ፈላ ውሃ ወይም ወደ እንፋሎት ይወሰዳል።

ለእንፋሎቱ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሰርቢያ ተስቦ ከአንድ መቶ በላይ ሐኪሞችን በገደለ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ለእርዳታ የሄዱ የብሪታንያ ሐኪሞች ተራ በርሜል ተጠቅመዋል። የበርሜሉ መቀመጫ ይበሳና ውሃ በሚፈላበት ትልቅ ድስት ላይ ይቀመጣል፤ ልብሱ ሳይጠቀጠቅ ላላ ተደርጎ ይገባና ይከደናል። እንፋሎቱ እስከ መሐል ሲዘልቅ ቅማሉም ቅጫሙም ያልቃል። ባዶ በርሜል የማይገኝበት መጠለያ እምብዛም የለም፤ የሚያስቸግረው ማገዶው ነው። ማገዶ በሌለበት ልብሱን በፕላስቲክ አሽጎ ማንም ሳይነካው ለሁለት ሳምንት ማስቀመጥ ይቻላል፤ ቅማል ሰው ሳያገኝ ይህን ያህል አይኖርም። ጥቂት ልብስ ሲሆን ስፌቱን በከሰል ካውያ መተኮስም ይረዳል።

የዱቄት መድኃኒትን በሚመለከት፣ ዲ.ዲ.ቲ. እ.ኤ.አ. በ1943 እና 1944 በኔፕልስ የተስቦ ወረርሽኝን ለመግታት ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ግን ቅማሉ ተላምዶት ተገኘ። ዛሬ የሚመከረው ፐርሜትሪን ነው። ዱቄቱ የሚነፋው በልብሱ ውስጠኛ ገጽና በስፌቱ ላይ ነው፤ በመጀመሪያ ሊነፋ የሚገባውም የነፊው የራሱ ልብስ ነው።

የሚያገረሽ ትኩሳት አመጣጡ ይለያል። ተህዋሲው በቅማሉ ሰውነት ውስጥ ባለው ፈሳሽ ስለሚኖር፣ በዋነኛነት የሚወጣው ቅማሉ ሲፈነዳ ነው። ቅማልን በጥፍር መዳጥ በአገራችን የቆየ ልማድ እንደ መሆኑ፣ ጣቱ የተሰነጠቀ ወይም ቆዳውን የቧጨረ ሰው በቀላሉ ይያዛል። ሠራተኛው ቅማል ቢያገኝ ሳይድጥ ልብሱን ማውለቅ ይኖርበታል። ከዚህም ሌላ የሕመምተኛው ደም ራሱ ያስተላልፋል። ስለዚህ ለምርመራ ደም የሚወስድ ሰው ጓንት ያደርጋል፤ የተጠቀመበትን መርፌ መልሶ ሳይከድን በቀጥታ በማይበሳ ዕቃ ውስጥ ይጥላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሠራተኛ ሊታመም ይችላል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ መደበቁ ነው። ቅማል እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ የሥራ ባልደረባንም ጥሎ መተኛት ስለሚያሳፍር፣ ትኩሳት የያዘው ሰው በአስፕሪን እየተደገፈ ሥራውን ይቀጥላል። ኃላፊው የየሠራተኛውን ሙቀት ጠዋት ጠዋት አስለክቶ በመዝገብ ቢያስይዝ ጉዳዩ ከኀፍረት ወጥቶ የዘወትር ሥራ ይሆናል። ልኬቱ ሠራተኛው ጣቢያውን ከለቀቀ በኋላም ለሁለት ሳምንት ይቀጥላል፤ በሽታው ከገባ በኋላ እስከዚያ ድረስ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላልና። ለተስቦ 200 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን አንድ ጊዜ መውሰድ ብዙውን ጊዜ በቂ ነው። ይህ መድኃኒት ከሕዝቡ ድርሻ ጋር ተደባልቆ እንዳያልቅ፣ ከሠራተኞቹ ሳሙና ጋር ለብቻው ተቆጥሮ በግምጃ ቤት ሊቀመጥ ይገባል፤ የታመመውም ሰው በጊዜው እንዲተኛ ተተኪው ጣቢያው ከመከፈቱ በፊት በስም ተለይቶ መታወቅ አለበት።