ዓርዳ ሰሜን፣ ዓርዳ ደቡብ

ካርቱም የኖረ ሐበሻ አንድ ቀን «ሂላል ነህ ወይስ መሪኽ?» ተብሎ ሳይጠየቅ አይቀርም። ዴም ሰፈር ውስጥ ጀበናዋን ከሰል ላይ ጥዳ ዝንጅብል የምትወቅጥ ቡና ሻጭ አለች እንበል። ደንበኞቿ በገመድ የተጠለፉ አጫጭር ባምበሮችን ስበው ከበዋት ተቀምጠዋል። አንዱ ቀይና ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊና ነጭ ነው። የተቀዳው ቡና ሳይቀዘቅዝ ክርክሩ ይጦፋል።

ብዙ ሐበሻ ክርክሩን ያውቀዋል፤ የክለቦቹን አነሳስ ግን ብዙም አልሰማም። ሁለቱንም የመሠረቷቸው የሰፈር ልጆችና ተማሪዎች ናቸው፤ ከኋላቸው ከበርቴም ፋብሪካም አልነበረም።

መሪኽ የተወለደው ከዓባይ ማዶ፣ ኦምዱርማን ውስጥ በመሳልማ ሰፈር ነው። ክለቡ ዕድሜውን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠራውም በሰፈሩ ስም ነበር። በ1927 ስሙን ቀይሮ መሪኽ ተባለ፤ በዐረብኛ ማርስ የተባለችው ፕላኔት ማለት ነው። ሂላል ደግሞ የካቲት 13 ቀን 1930 በፈረንጆች አቆጣጠር ተመሠረተ። ትርጉሙ አዲስ ጨረቃ ነው። መሥራቾቹ ሱዳንን ይገዙ የነበሩት እንግሊዞች በ1902 ከከፈቱት የጎርደን ኮሌጅ የወጡ ወጣቶች ነበሩ።

ጊዜው ቀላል አልነበረም። ከ1924ቱ ፀረ-እንግሊዝ የነጭ ባንዲራ ማኅበር አመፅ ወዲህ እንግሊዞች ፊደል የቆጠረውን ሱዳናዊ በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት። በዚያን ጊዜ ወጣቶች በአንድነት የሚሰበሰቡበት፣ ሊቀመንበር የሚመርጡበት፣ መዋጮ ሰብስበው ሒሳብ የሚይዙበት ቦታ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። የኳስ ክለብ ይህን ሁሉ ሰጣቸው። ከሰማይ የተወሰደ ስም ደግሞ ጎሳም ሰፈርም የለውም፤ የፈለገ ሁሉ ይገባበታል።

የአዲስ አበባ አንባቢ ይህን ሲሰማ ቅዱስ ጊዮርጊስን ማስታወሱ አይቀርም። በ1928 ዓ.ም. ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ ከአራዳ ልጆች ጋር ክለቡን ሲያቋቁሙ የነበራቸው ፍቅርና መዋጮ ነበር። ሩቅ አገርም ያው ነው። በራግቢ ዩኒየን ለተጫዋች ገንዘብ መክፈል እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ ክልክል ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ዛሬም አብዛኞቹ የራግቢ ክለቦች የሚተዳደሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው በሚያዋጡት ነው። እንዲህ ያለ ክለብ ውስጥ ማልያ ለባሹም ከፋዩም አንድ ሰው ነው።

የኦምዱርማን ሁለቱ ክለቦች ስታዲየማቸውን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠሩት ጎን ለጎን፣ በእግር በሚደረስ ርቀት፣ ዓርዳ በሚባል ሰፈር ነው። ዓርዳ የማህዲስቶቹ መሪ ኸሊፋ አብዱላሂ ሠራዊቱን አሰልፎ ይጎበኝበት የነበረ ሜዳ ነው፤ በ1889 መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር የተዋጋው የኸሊፋው ጦር ነበር። የሱዳን ጋዜጦች ዛሬ «ዓርዳ ሰሜን» ሲሉ ሂላልን፣ «ዓርዳ ደቡብ» ሲሉ መሪኽን ማለታቸው ነው።

ካርቱም ለኢትዮጵያ ኳስም ባዕድ አይደለችም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው በየካቲት 1957 በዚያችው ከተማ፣ በግራንድ ሆቴል ነው። ለጊዮርጊስ ያለ ደመወዝ የተጫወተው ይድነቃቸው ተሰማ እዚያ ነበር። እዚያው በተካሄደው በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ስትታገድ ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ ነው። በ1972 ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑን ፕሬዚዳንትነት የተረከበው ከካርቱሙ ሐኪም ከዶክተር አብደልሐሊም ሙሐመድ ነበር።

በ1976 የሱዳኑ ፕሬዚዳንት የኑሜይሪ መንግሥት «የሕዝብ ስፖርት» በሚል መርሕ ክለቦቹን አፈረሳቸው። ስማቸውን መሰረዝ ተችሎ ነበር፤ አባላቱ ግን የትም አልሄዱም፤ ክለቦቹም ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። በ1989 መሪኽ የናይጄሪያውን ቤንዴል ዩናይትድ 1 ለ 0 አሸንፎ፣ በሌላው ጨዋታ 0 ለ 0 ተለያይቶ የአፍሪካ የዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ወደ ኦምዱርማን አመጣ። ሂላል በ1987ም በ1992ም የአፍሪካ ሻምፒዮኖች ፍጻሜ ደርሶ ዋንጫው አምልጦታል። ለመሪኽ ደጋፊ ከዚህ የተሻለ የክርክር ስንቅ የለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ዴም ባዶ ሆነ፤ ብዙ ሐበሻም ሱዳናዊም በመተማ በኩል ወጣ። ኳሱም ተሰደደ። በ2024/25 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን ሁለቱ ክለቦች በሞሪታንያ ሊግ እንዲጫወቱ ተፈቀደላቸው። ከመሳልማና ከጎርደን ኮሌጅ የተነሡት ሁለቱ ማልያዎች፣ ከዓርዳ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው፣ በሰው አገር ሜዳ ላይ እንደገና ተፋጠጡ። አዲስ አበባ የገባው ሱዳናዊም ውጤቱን በስልኩ ይከታተላል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ከካርቱም የተመለሰ ሐበሻ «ስንት ለስንት?» ይለዋል፣ በዐረብኛ።