አምስት ሚሊዮን ቆርኬ እንዴት ይቆጠራል? በበቆሎ ፍሬ የሚሠራ የሒሳብ ጨዋታ

እስቲ አንድ ጥያቄ፦ በየሰከንዱ አንድ እየቆጠራችሁ፣ ሳትበሉና ሳትተኙ፣ አምስት ሚሊዮን ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅባችኋል? መልሱ 58 ቀን ያህል ነው። የምትቆጥሩት ነገር የሚሮጥ እንስሳ ከሆነ ደግሞ 58 ቀን ቆሞ አይጠብቃችሁም።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦት ላይ በደቡብ ሱዳን በአውሮፕላን የዱር እንስሳት ቆጠራ ተካሂዶ ነበር። ውጤቱም ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባለው እንስሳ ብቻውን 5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን አሳየ። ይህ እንስሳ ለጋምቤላ እንግዳ አይደለም። ሣርና ውሃ እየተከተለ ከቦማ አካባቢ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ይመጣል። ወንዱ ሲጎለምስ ሰውነቱ ይጠቁራል፤ ጆሮው ግን ነጭ ነው። ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመውም እንዲህ ያሉትን እንስሳት ለመጠበቅ ነው።

ታዲያ አምስት ሚሊዮኑን ማን ቆጠራቸው? አንድ በአንድ የቆጠራቸው ማንም የለም! ሳይንቲስቶች የሚቆጥሩት ጥቂቱን ነው፤ የቀረውን ሒሳብ ይነግራቸዋል። ጥቂቱ ክፍል ናሙና ይባላል። ዘዴውን የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በግቢው መሬት ላይ ሊሞክረው ይችላል።

የመጀመሪያው ጨዋታ፦ የተበተነ መንጋ

የሚያስፈልገው እንጨትና ሁለት እፍኝ በቆሎ ነው። መሬት ላይ ሰፊ አራት ማዕዘን ሥሩና እኩል ስፋት ባላቸው 10 ረድፎች ክፈሉት። ይህ የእናንተ ፓርክ ነው። በቆሎውን ሳታዩ በትኑበት፤ እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ቆርኬ ነው።

አሁን ሁለት ረድፍ ብቻ ምረጡ። ለምሳሌ በ3ኛው ረድፍ 14፣ በ8ኛው 22 ፍሬ አገኛችሁ እንበል። ድምሩ 36 ነው። የቆጠራችሁት ከ10 ረድፍ ሁለቱን፣ ማለትም ከአምስት አንዱን እጅ ነው። ስለዚህ 36 ሲባዛ በ5፣ 180 ይሆናል። ማባዛት ያልጀመረ ልጅ 36ን አምስት ጊዜ ይደምር። ከዚያ ሁሉንም ፍሬ ልቀሙና ቁጠሩ። 171 ቢሆን ግምታችሁ የተሳሳተው በ9 ብቻ ነው። ለሁለት ረድፍ ሥራ፣ መጥፎ አይደለም!

ስትለቅሙ አምስት አምስት እያደረጋችሁ መደርደር ይቀላል። የኑዌር ቋንቋ የሚናገር ልጅ ይህን ሲቆጥር በአፉ ጭምር ያውቀዋል፤ በኑዌርኛ ከ6 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች የተሠሩት በአምስት ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እየተጨመረ ነው። አንድ እጅ ሞላ፣ ሁለተኛው ተጀመረ እንደ ማለት።

ሁለተኛው ጨዋታ፦ ውሃ ዳር የተሰበሰበ መንጋ

እውነተኛ ቆርኬ ግን እንደ በቆሎ እኩል አይበተንም። ጥሩ ሣርና ውሃ ባለበት ይሰበሰባል። ስለዚህ ፓርኩ መሐል "ኩሬ" ሥሩና እነዚያኑ 171 ፍሬዎች አብዛኞቹን ኩሬው አጠገብ አድርጓቸው። ከ1ኛው እስከ 10ኛው ረድፍ እንዲህ ሆኑ እንበል፦ 0፣ 4፣ 2፣ 40፣ 31፣ 38፣ 29፣ 5፣ 19፣ 3።

እንደ ቅድሙ 3ኛውንና 8ኛውን ብንቆጥር 2 ሲደመር 5፣ 7 ነው፤ በ5 ሲባዛ 35። 4ኛውንና 5ኛውን ብንመርጥ ደግሞ 71 ሲባዛ በ5፣ 355! መንጋው ያው 171 ነው፤ አንዱ ቆጣሪ ግን "ሊያልቁ ነው" ይላል፣ ሌላው "ተትረፍርፈዋል" ይላል።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የፓርክ ወሰን የት ይሁን፣ ለእርሻ የቱ መሬት ይሰጥ፣ መንገድ በየት ይለፍ የሚሉ ውሳኔዎች ሲወሰኑ የእንስሳት ቁጥር ይጠየቃል። 355 ነው ተብሎ የተዘናጋ ሰው 171ዱን ሊያጣ ይችላል።

መፍትሔው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ሲመች የታየንን ቦታ አለመምረጥ። ብዙ እንስሳ ያየንበትን ብቻ ከቆጠርን ቁጥሩ ይጋነናል። ሁለተኛ፣ ናሙናውን መጨመርና በእኩል ርቀት ማሰራጨት። 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛና 9ኛ ረድፎችን ቁጠሩ፦ 0፣ 2፣ 31፣ 29፣ 19። ድምሩ 81 ነው፤ የቆጠርነው ግማሹን ስለሆነ በ2 ስናባዛው 162 ይሆናል። ከ2ኛው ጀምረን አንድ አንድ እየዘለልን ብንቆጥር ደግሞ 90 ሲባዛ በ2፣ 180። ሁለቱም ወደ 171 ተጠግተዋል።

አውሮፕላንም የሚሠራው ይህንኑ ነው። እኩል በተራራቁ ቀጥታ መስመሮች ላይ ዝቅ ብሎ ይበራል፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በተወሰነ ስፋት ውስጥ ያሉት እንስሳት ብቻ በዓይን ወይም በካሜራ ይቆጠራሉ። በ2015ቱ ቆጠራ የተሸፈነው አካባቢ ከ120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 5 ሚሊዮኑን ለዚህ ብናካፍል በአማካይ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 40 ያህል ቆርኬ ይደርሳል። ይህ ግን አማካይ ነው፤ አንዱ ቦታ ሺዎች ሲርመሰመሱ ሌላው ቦታ ባዶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ተራው የእናንተ ነው

በቡድን ሆናችሁ ያንኑ መንጋ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሌላ ረድፎች መርጣችሁ ገምቱ። ሦስቱን መልሶች ጎን ለጎን ጻፉ። ከተቀራረቡ ግምታችሁን ልታምኑት ትችላላችሁ፤ በጣም ከተራራቁ ረድፍ ጨምሩ። ሳይንቲስቶችም ግምታቸውን ሲያወጡ አንድ ቁጥር ብቻ ሰጥተው አያበቁም፤ "ከዚህ እስከዚህ ሊሆን ይችላል" ይላሉ። እናንተም መልሳችሁን እንደዚያ ጻፉት።