ለልጄ የትኛውን ቢላዋ ላስይዘው?

ባለፈው ገና በግ ስገፍፍ እጄ ከእጀታው ወደፊት ተንሸራቶ ስለቱ ላይ አረፈ። ሌባ ጣቴ አራት ቦታ ተሰፋ። ከስፌቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የበጉን እግር ይዞልኝ የነበረው የ15 ዓመት ልጄ ነው። ደሙን ሲያይ ክው ብሎ ቀረ። ከእንግዲህ ይፈራል ብዬ ስጠብቅ በሳምንቱ «አባዬ፣ የፋሲካውን እኔ ልግፈፍ» አለኝ። እናቱ «አይሆንም!» አለች። አባቴ ደግሞ «እኔ በ12 ዓመቴ ነው የጀመርኩት» አሉ። እኔ መሃል ቤት ቀረሁ።

አንድ ምሽት ቤት ያሉትን ሦስት ቢላዋዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አያቸው ጀመር።

አንዱ አባቴ ከገጠር ይዘውት የመጡት ካራ ነው። ብረት ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራው፣ ከስንዝር በላይ የሚረዝም፣ ጀርባው ወፍራም። የባሌስትራ ብረት በውስጡ ያለው ካርቦን ከተራ ብረት ስለሚበልጥ፣ ግሎ ከተቀጠቀጠ በኋላ ዘይት ወይም ውኃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል። አሮጌ ባሌስትራ የማይጣለው ለዚህ ነው። እርጥብ አድራችሁ ብትተዉት ይዝጋል፤ ድንጋይ ላይ ጥቂት ጊዜ ብታመላልሱት ግን ስለቱ ይመለሳል። ችግሩ እጀታው ነው። የብረቱ ጭራ እንጨት ውስጥ ተሰክቶ ገባ እንጂ በምስማር አልተያዘም። እንጨቱ ሲደርቅ ይወዛወዛል፤ አባቴ በየዓመቱ ጨርቅ ይወትፉበታል።

ሁለተኛው እኔን የቆረጠኝ፣ ከሱቅ የገዛሁት ማይዝግ ነው። ያብረቀርቃል፣ ቀጭን ነው፣ እጀታው ልሙጥ ፕላስቲክ ነው። ብረት እንዳይዝግ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ይጨመርበታል። ሃሪ ብሬርሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1913 እ.ኤ.አ. ሼፊልድ ከተማ ላይ ይህን ዓይነት ብረት ለቢላዋ ሲያቀርብ፣ «የማይቆርጥ ቢላዋ የፈለሰፈ ሰው» ተብሎ ተቀልዶበታል። ዛሬ ጥሩ ማይዝግ ሞልቷል፤ ጥሩውና ርካሹ ግን በዓይን አይለዩም። የእኔው በጉ ሳይጋመስ ይደነዝዝ ነበር። ሲደነዝዝ ሰው ጉልበት ይጨምራል። ጮማ የነካ እጅ ጉልበት ሲጨምር ደግሞ ይንሸራተታል፤ ያ ቢላዋ እጀታውና ስለቱ በሚገናኙበት ቦታ ጣት የሚያግድ አንዳች ነገር የለውም።

ሦስተኛውን ያመጣችልኝ ስዊድን የምትኖረው የእህቴ ልጅ ናት። ሞራ በምትባል ከተማ የተሠራ ነው (ስሙ ራሱ ለበግ የተመቸ ነው)። የፋብሪካው ታሪክ ከ1891 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። «ኮምፓኒየን» የሚባለው ይህ ቢላዋ እዚያ አገር ለጫካና ለዓሣ ማጥመድ ጉዞ ይያዛል፤ የማይዝግም የካርቦንም አለው። ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጀርባው ውፍረት 2.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለከባድ ሥራ የሚሆነው ሌላው ዓይነት 3.2 ይደርሳል። ልጅቷ በስልክ ስትጠይቀኝ ሳላስብ «የማይዝገውን» አልኳት። በተለይ የወደድኩት እጀታውን ነው፤ ጎማ መሳይ ነው፣ ፊት ለፊቱ ላይ ጣት የሚገታ ጉብታ አለው። ጭራው ግን እስከ እጀታው ጫፍ ስለማይደርስ አጥንት ልፈንክትበት አልልም። ለማረድም አጭር ነው።

ለልጁ ይሄኛው ይሆናል ብዬ ወሰንኩ። ቅዳሜ ግን ልቤ አላርፍ ብሎኝ ሦስቱንም በጋዜጣ ጠቅልዬ ከልጄ ጋር ወደ ቄራ ወረድኩ። እዚያ በግና በሬ ሲገፈፍ እያየ ያደገ ቢላዋ ሻጭ አይጠፋም። አንዱ ወጣት የስዊድኑን ተቀብሎ ጫፉን በአውራ ጣቱ ነካ አደረገና «ጋሼ፣ ይሄ የልጁን እጅ ይጠብቅልዎታል፤ ቆዳውን ግን ይበሳዋል» አለኝ።

እውነቱን ነው። የቀጥታ ቢላዋ ጫፍ ሹል ስለሆነ ቆዳና ሥጋ ሲለያይ ይወጋል። የመግፈፊያ ቢላዋ አጠር ያለ፣ ሆዱ የተቆለመመ፣ ጫፉ ወደ ላይ የቀና ነው፤ ቆዳውን የሚያላቅቀው በሆዱ እንጂ በጫፉ አይደለም። የቆዳ ነጋዴዎች ሲያማርሩበት የኖሩት አንዱ ጉድለት የቢላዋ ጭረት ነው። (አሁን አሁን በበዓል ማግስት የበግ ቆዳ መንገድ ዳር ተጥሎ ስናይ፣ ማን ለጭረት ይጨነቃል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የተቀደደ ቆዳ ባየሁ ቁጥር የተቀደደ ሥጋም አብሮ ይታየኛል።)

ወጣቱ ያሳየን መግፈፊያ የባሌስትራ ነው። ጭራው እስከ እጀታው ጫፍ ይሄዳል፤ እንጨቱ ከሁለት ጎን ተገጥሞ በሦስት ምስማር ተመቷል። ስንነቀንቀው አልተነቃነቀም። የጣት መከላከያ ግን የለውም። ይህንን ስለው ሳቀና ከሥር ከመነዳሪ አወጣ፤ በቀጭኑ ቆርጦ የእጀታውን አንገት ደጋግሞ ጠቀለለውና ጉብታ ሠራለት። ልጄ ሁለቱን እያፈራረቀ ጨበጣቸው። «አባዬ፣ ይሄኛው ይሻላል» አለ፣ ባለ ከመነዳሪውን ይዞ። ገዛሁት።

ቤት ስንደርስ አባቴ ቢላዋውን አገላብጠው አዩና «ጥሩ ነው። ግን በግ የሚገፈፈው በቡጢ ነው» አሉ። ቢላዋ የሚያስፈልገው እግሩ ላይና ሆዱ ላይ መንገድ ለመክፈት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቆዳውን በአንድ እጅ ስቦ በሌላው በቡጢ እየገፉ ማላቀቅ ነው። ለካ እኔ ገና ላይ ከዳር እስከ ዳር በቢላዋ ስታገል የነበረው ይህን ትቼ ነው። አባቴ ልጁን ጠርተው በትራስ ልብስ ላይ አሳዩት፤ ቡጢውን የት ጋ እንደሚያሳርፍ፣ አውራ ጣቱን እንዴት እንደሚያጥፍ።

እናቱ በመጨረሻ ፈቀደች፤ በቅድመ ሁኔታ። ማረዱ የእኔ፣ መግፈፉ የልጁ፣ ቢላዋውን የሚያነሳው ግን አያቱ አጠገቡ ሲቀመጡ ብቻ። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። አባቴ በርጩማቸውን ከአሁኑ በረንዳ ላይ አውጥተዋል።