ፒያሳ ታደሰች፤ ቢሮውስ?

«ፒያሳ ቢሮ ብንከራይ ያዋጣናል?» የሚለው ጥያቄ የአንዲት መሐንዲስን የመልእክት ሳጥን ካጨናነቀው ሰነባብቷል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ብዙዎች መንገዱ ካማረ ህንፃውም አብሮ የታደሰ ይመስላቸዋል።

አይደለም። የእግረኛ መንገዱና የፊት ለፊቱ ቀለም አንድ ነገር ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ሌላ።

መሐንዲሷ ሰፈሩን አትጠላውም። ማዘጋጃ ቤቱም የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው ናቸው፤ ጉዳይ ለሚያስፈጽም ድርጅት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ግን ውል ከመፈረም በፊት ህንፃውን በሥራ ቀን፣ ረፋድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። የላይኛው ፎቅ ወጥቶ ቧንቧ መክፈት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱንም ያንቀሳቅስ እንደሆነ ጥበቃውን መጠየቅ (ከደላላው ይልቅ እሱ እውነቱን ይነግራል)። ሜትር ይዞ ክፍሉን መለካትም አይቀርም፤ «መቶ ካሬ» ተብሎ ኪራይ የሚታሰብበት ስፋት መተላለፊያውንና ደረጃውን የጨመረ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የሚከስረው ብዙ ነው።

የመኪና ማቆሚያውን፣ የህንፃውን የመጠቀሚያ ፈቃድና የውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ መመዝገብም አትርሱ ትላለች።

የካሬው ስሌት ግራ የገባው የወለል ፕላኑን ፎቶ አንስቶ ይላክላት፤ ተራ በተራ ትመልሳለች።